የወይራው ደጋንና የእኔ ሲንቄ

እኔን ብሎ ደጋን ሠሪ። ወተት ስንጥ፣ ጥጃ ስፈታ፣ በአጥር ቀዳዳ የሰው ነገር ሳይ መኖር ሲያምርብኝ፣ ምን ለክፎኝ ነው በወንዶች እንጨት ውስጥ የገባሁት? አሁንም ትዝ ሲለኝ የራሴን ጉንጭ በጥፊ ማለት ያምረኛል። ግን ጉንጬ ምን አደረገች፤ ምላሴ ናት እንጂ። እናቴ፣ አላህ ይዘንላት፣ "ያንቺ ምላስ እግር አላት፤ ካንቺ ቀድማ ትወጣለች" ትለኝ ነበር። ወጥታ ወጥታ እዚያ አደረሰችኝ።

ነገሩ የመጣው በገብስ ነው። እኛ ከጎባ ወደ ላይ፣ ደኑ ጥግ ነው የምንኖረው። ማሳችን አንዲት ናት። ገብሷ ከያዘች ዓመቱን በልተን እናድራለን፤ ካልያዘች የሰው ደጅ ነው። ብርዱን ትችለዋለች፣ ውርጩንም ትችለዋለች፣ ገና ከቡቃያዋ ጀምሮ ግን ከርከሮ ከደኑ ይወጣል። ከርከሮ እንግዲህ ፊቱ በኪንታሮት የተሞላ፣ ጥርሱ ወደ ላይ የታጠፈ፣ ሲሮጥ ጭራውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ነገር ነው። ደሞ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚመጣው፤ አያፍርም። በፊት እግሩ ተንበርክኮ ይበላል። ላየው ሰው የሚለምን ይመስላል እንጂ የሚዘርፍ አይመስልም።

ድሮ ሽማግሌዬ፣ ባሌን ነው የምላችሁ፣ ጠመንጃ ነበረችው። አንዴ ወደ ሰማይ ካንጣጣት ከርከሮው ሁሉ ተረጋግጦ ይሄዳል። አዲሱ መንግሥት የገባ ጊዜ፣ አገራችንም ኦሮሚያ የተባለ ጊዜ፣ ጠመንጃ ሁሉ ይሰብሰብ ተባለና የሱም ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ዱላ ያነሳል፣ ይጥላል። ከርከሮዎቹም አወቁበት። በወንጭፍ ሲወረውርባቸው ቀና ብለው ያዩትና ወደ መብላታቸው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ከማሳ ሲመለስ ፊቱ ከሰል መስሏል። ከዳሩ ብዙ በልተዋል። እኔ ደሞ ማጽናናት አልችልበትም፤ ሰው ሲያዝን ሳይ መቀለድ ነው የሚመጣብኝ። የሱ አያት በወዲያኛው ቆላ በደጋን የሚያድኑ፣ ስማቸው የተጠራ ሰው ነበሩ ይባላል። "የሳቸው ዘር ከሆንክ ደጋን ሥራ እንጂ፣ ምን እንደ ባልቴት ትተክዛለህ" አልኩት። እኔ ለቀልዴ ነው። እሱ ግን ዝም አለ። የባሌን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ እንደ ዶሮ ነው፣ ዝም ብሎ ከተቀመጠ የሆነ ነገር እየታቀፈ ነው።

በማግስቱ መጥረቢያ ሲስል አገኘሁት።

ከድንበራችን ላይ ነፋስ የጣለው ወይራ ነበር። እኔ ለወተት ዕቃዬ ማጠኛ ብዬ ስሳሳለት የኖርኩት ወይራ። እሱ እቴ፣ ሽብልቅ እያስገባ ግንዱን ሰነጠቀው፣ ከሁሉ የተሻለውን ፍልጥ መርጦ ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ሲጥለው መሬቱ ድም አለ። "ይሄ ምሰሶ ነው ደጋን?" አልኩት። የቁመቱ ነገር፣ ሲቆም ከባሌ ቆብ በላይ ይሄዳል። ውፍረቱ የኔ ክንድ። አያቱ እንዲህ ያለውን ነበር አሉ የሚስቡት፤ እኔ አላየሁ።

አጠራረቡ እንዲህ ነው። የእንጨቱ ጀርባ፣ ከልጡ ሥር ያለው ፊቱ፣ ቢላዋ አይነካውም። ደጋኑ ሲሳብ ጭንቁን የሚሸከመው እሱ ነው። የሚጠረበው ሆዱ ነው። መሐሉ እጅ የሚሞላ ሆኖ ይቀራል፣ ወደ ጫፍና ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ከአባቱ አፍ ሰምቶ ነው እንጂ በእጁ ሠርቶት አያውቅም። እየፈራ ይጠርባል፣ ያቆምና ያሸተዋል፣ ደሞ ይጠርባል። ሲጨርስ ከምድጃው በላይ ልስቀለው፣ ቶሎ ይደርቃል አለ።

"እሳት ያደረቀው እንጨት እንደ አሮጊት ጥርስ ነው፤ ሲነክስ ይረግፋል። ወደ ጓዳ በኩል ስቀለው፣ በቀስታ ይድረቅ" አልኩት።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው መግባቴ። ማን ጠየቀሽ? ግን ልጅ ሆኜ ጥጥ የምነድፍበት ደጋን ነበረችኝ። ያቺ የሴት ደጋን ናት። ጅማቷን መታ መታ ሲያደርጓት ጥጡ እንደ ጉም ይበተናል። ትንሽም ይሁን ትልቅ የደጋን ጠባይ አንድ ነው፤ ሁለቱ ክንዱ እኩል ካልጎበጠ ወይ ይጣመማል ወይ ይሰበራል። ስለዚህ እንጨቱ ከደረቀ በኋላ ሽማግሌው መሐሉን ከምሰሶው ጋር ያስርና ጫፎቹን በገመድ ይስባል፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጉብጠቱን አያለሁ። "ግራው እሺ ብሏል። ቀኙ ግትር ነው፣ አንተን መስሏል" እለዋለሁ። ግትሩን በጠርሙስ ስባሪ ይፍቀዋል፣ ደሞ ይስባል፣ ደሞ አያለሁ። እንዲህ ስንል ገብሱ ከፍ አለ። ቅቤውን የቀባሁት እኔ ነኝ። ገመዱንም የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ለአረፋ በቅርጫ ካረድነው በሬ ቆዳ ጠፍር ቆርጬ፣ እርጥቡን ገምጄ፣ ድንጋይ አንጠልጥዬበት እስኪደርቅ አቆየሁት።

ገመዱን ለማስገባት የተጋደልነው ግን አይወራም። እሱ በጉልበቱ መሐሉን ይጫናል፣ እኔ ጫፉ ላይ ተንጠልጥያለሁ፣ ደጋኑ ሁለታችንንም ያንቀጠቅጠናል። እንደዚያ ተቆላልፈን እያለን ጎረቤቴ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች። ክርስቲያን ናት፣ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን የኖርን፣ አፏ መቀስ። አየችን፣ አየችንና፣ "በዚህ ዕድሜ?" ብላ ሄደች።

የመጀመሪያ ቀን መሳብ አልቻለም። እኔ ልስቅ አፌን ከፍቼ ፊቱን ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ወሬው ሲሰማ የመንደሩ ጎልማሶች እየመጡ ሞከሩ። ከአጋርፋ የመጣ ዘመዳችን፣ ክንዱ እንደ ጉማሬ፣ "ይቺማ ምን አላት" ብሎ ያዘው። ጥርሱን ነከሰ፣ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፣ ገመዱ ከቦታው አልተነቃነቀም፣ ምሳም ሳይበላ ሄደ። ሽማግሌው ግን ጠዋት ጠዋት ከሶላት በኋላ እየሳበ፣ ትንሽ ትንሽ እያለመደው፣ አንድ ቀን እስከ ደረቱ ድረስ አመጣውና ለቀቀው። ወላሂ፣ ድምፁን ስሰማ ክው ብዬ ቀረሁ። የበሬ ቆዳ ሰማይ ላይ የተቀደደ ነው የመሰለኝ። የማልባት ላም ወተቷን ከለከለችኝ።

ታዲያ ደጋን ብቻውን ምን ያደርጋል? ፍላጻ ይፈልጋል። ሸምበቆ አቀረበ። ሲለቀው ሸምበቆው መሄዱን ትቶ እዚያው እጁ ላይ ተፈረካከሰ። ስንጥሩን በወረንጦ ስለቅምለት ዋልኩ። ደጋኑ ከበደ፣ ቀጭን ነገር አይችለውም። ከደን እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጦ አመጣ። ያ ደሞ በአየር ላይ እንደ እባብ ተወዛወዘና የኔ ጎመን መሐል ተተከለ። የደረቀ እንጨት ሞከረ፤ ጠማማ ነው። እኔ ጎመኔን እያነሳሁ፣ ጎረቤቴም ቆማ እየሰማች፣ ይቺ እግር ያላት ምላሴ ወጣች።

"አሁንስ ሲንቄዬን ይዤ ብወጣ እኔው ሳልሻል አልቀርም። በዚህ ቤት ቀጥ ያለ ነገር እሷ ብቻ ናት" አልኩ።

ጎረቤቴ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ሲንቄ ምን እንደሆነች ለማያውቅ ልንገር። ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን ዱላ ናት፤ ከሀሮሬሳ እንጨት የምትቆረጥ፣ ቀጥ ያለች። ቤቱ የጋራ ነው፣ ከብቱ የጋራ ነው፣ እሷ ግን የሚስት ብቻ ናት። ወንድ አይነካትም። ሲንቄ የያዘች ሴት መሐል ከገባች የተጣላ ይቆማል። የተበደለች ሴት ሲንቄዋን ይዛ እልል ብላ ከወጣች፣ የሰማች ሁሉ የያዘችውን ሥራ ጥላ፣ የራሷን ይዛ ትከተላታለች፤ ነገሩ ሳይታረቅ ወደ ቤት መግባት የለም። ሸኾቹ ብዙም አይወዱትም። እኛ ግን ሶላታችንንም ሲንቄያችንንም ይዘን ነው የኖርነው። የኔዋ ከእናቴ እጅ የተቀበልኳት፣ ከራስጌዬ የማትለይ፣ ጭሱ ያጠቆራት፣ ቅቤው ያበራት ነበረች። አዝኜ ሳለቅስባት፣ ልጅ ስወልድ ስይዛት የኖርኩ።

ጎባ ገበያ ውዬ ጨውና ጋዝ ይዤ ስመለስ ፀሐይ ገና ዘቅዘቅ ማለቷ ነው። ቤት ስገባ ሰው የለም። ደጋኑም ቦታው ላይ የለም። መሬቱ ላይ ፍቅፋቂ ተበትኗል፣ የጠርሙስ ስባሪውም አለ፣ ካሮጌ ማጭድ የተቆረጠ ብረትም ተጥሏል። ከዚያ አጠገብ አንዲት ቁራጭ እንጨት ወድቃለች። ጥቁር ናት፣ ታበራለች። ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። እጄ ከዓይኔ ቀድማ አወቀቻት።

ቀና ብዬ ራስጌዬን አየሁ። ባዶ ነው።

አልጮህኩም። ጨውና ጋዙን የት እንዳስቀመጥኩም አላውቅ። ቁራጯን እንደጨበጥኩ ወደ ማሳው ሮጥኩ፤ በዚህ እግሬ ሮጥኩ። ሽማግሌው ገብሱ ዳር ላይ ደጋኑን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል። እንዲህ ያለ ፊት ያየሁበት እኔን የወሰደኝ ቀን ነው።

"መታሁት" አለኝ። "መንጋው በሙሉ በርግጎ ወጣ። ከእንግዲህ እዚህች ማሳ አይደርስም።"

"በምን መታኸው?"

መሬት መሬት ያያል።

"በምን?"

"ቀጥ ያለች እሷ ብቻ ናት አላልሽም?"

በአገጩ ወዳመለከተኝ አየሁ። ከማሳው ማዶ፣ ከጥዱ ሥር፣ አንድ ወፍራም ከርከሮ እየሮጠ ነው። ጭራው እንደ ልማዱ ቆሟል። ከጭራው አጠገብ ሌላ ጭራ ቆሟል፣ የሚረዝም፣ ቀጥ ያለ፣ በፀሐይ የሚያብረቀርቅ። እናቴ የሰጠችኝ ሲንቄ ናት። ከርከሮ ቂጥ ላይ።

ከዚያ ደን ገባ።

እኔ ለሁሉ ነገር መልስ ያላት ሴት ነበርኩ። ለሸኹም፣ ለቀበሌውም፣ ለአማቴም መልስ ነበረኝ። እዚያች ማሳ ላይ ግን ቁጭ አልኩና አፌ አልከፈት አለኝ። ቢወድቅስ፣ ቢገኝስ፣ የከርከሮ ደም የነካውን በአፈርም በውኃም ባሹት የትኛዋ እጅ ታነሳዋለች? ሽማግሌው ዝምታዬን ሲያይ ደስታው ጠፋ። አጠገቤ ተቀመጠ። "ስደቢኝ እንጂ" አለኝ። ስድብ ፈለግኩ፣ አጣሁ። እንደዚያ ሆኜ አድሬ ጠዋት ቁራጯን ይዤ ከበሬ ላይ እልል አልኩ። ድምፄ የኔ አይመስልም።

መጀመሪያ የደረሰችው ጎረቤቴ ናት። በነሱ ዘንድ ሲንቄ የለም፤ ባዶ እጄን አልወጣም ብላ ማማሰያዋን ይዛ መጣች። እኔ ክንድ የማትሞላ ቁራጭ ይዤ፣ እሷ ማማሰያ ይዛ፣ ሁለት አሮጊቶች መንገድ ላይ እልል እንላለን። ምን እንመስላለን። ግን ሴቶቹ ከየቤታቸው ወጡ። አንዷ ሊጥ ያለበት እጇን ይዛ፣ አንዷ ሕፃን አዝላ፣ ሲንቄያቸውን እየያዙ መጡና ትልቁ ኮሶ ሥር ተቀመጥን። የሁላችን ታላቅ የሆኑ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ እኛ አዴ የምንላቸው ሴትዮ መሐል ተቀመጡ። ሽማግሌዬ እርጥብ ሳር በእጁ ይዞ መጣ፤ ለዕርቅ የሚመጣ እንዲያ ነው። ወንዶቹ ከኋላው ራቅ ብለው ቆሙ።

"አንተ ልጅ፣ የሚስትህ ሲንቄ የት አለ?" አሉት አዴ።

"ደን ገብቷል፣ አዴ።"

"ማን ይዞት ገባ?"

ሳሩን ዝቅ አደረገ። "ከርከሮ።"

 ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። አንዷ በሻሿ ውስጥ ሳቀችና አጠገቧ ያለችው ቆነጠጠቻት። አዴ አልሰማ እንደሆን ብለው ደግመው ጠየቁት፣ ደግሞ ከርከሮ አለ።

"በዕድሜዬ ሲንቄ የረገጠ አይቻለሁ" አሉ። "የሰበረም አይቻለሁ፣ ከብት ሰጥቶ ታርቋል። ለከርከሮ የዳረ ግን አላየሁም። እናቶቻችን ለዚህ ሕግ አልተዉልንም።"

"ገብሷ ካለቀች ሲንቄዋን ይዛ የሰው ደጅ ልትቆም ነው" አለ ባሌ። "እንደዚያ ከማያት ሲንቄው ይሂድ ብዬ ነው።"

ይሄን ለኔ ነግሮኝ አያውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ለጠመንጃዋ የሚያለቅስ ነበር የመሰለኝ። እንደገና ደነገጥኩ፤ ያኛው ድንጋጤ ሳይወጣልኝ ይሄኛው ገባ። ቁራጯን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና ወደ ሌላ በኩል አየሁ፣ ዓይኔን እንዳያይብኝ።

አዴ ብዙ አሰቡ። ከዚያ ፈረዱ። ገብሱ በሷ ሲንቄ ነው የዳነው፣ ስለዚህ ገብሱ የሷ ነው አሉ። ካሣውም ከዚያው ከገብሱ ይወጣል። ሲታጨድ ባልየው የወጡትን ሴቶች በሙሉ በገንፎና በቅቤ ያበላል፣ የሚያማስለውም እሱ ራሱ ነው። ሀሮሬሳ እኛ ጋ አይበቅልም፤ ከጎሮ ወዲያ ከቆላው አስቆርጠው፣ እናቴ ስለሌለች በእናቴ ፈንታ እሳቸው አዲስ ሲንቄ ይሰጡኛል። እስክትመጣ ድረስ ሴቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ገንፎውም ይቀጥላል። የደጋኑ ገመድ ይውጣ፣ ዳግመኛ እንዳይወጠር አሉ። እኔ ገብሱ የሷ ነው የምትለዋን ብቻ ነው የሰማሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። እርጥብ ሳሩን ተቀበልኩት።

ባሌ እንዳለው ከርከሮ አልተመለሰም። ገብሱ እንዲያ አምሮበት አያውቅም። ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጎተራው ሞላ፣ ከዚያ ሴቶቹ መጡ። ሽማግሌው ጭሱ እያስለቀሰው፣ ማማሰያውን በሁለት እጁ ይዞ ገንፎ ሲያገላብጥ ያየች ሴት ሁሉ አፏን ይዛ ቀረች። ወንድ ሲያማስል አይተን እናውቃለን? በመንገድ የሰማችው ደሞ እህቷን ይዛ ትመጣለች። ከሲናና መጡ፣ ከአጋርፋ መጡ፣ እኔ የማላውቃቸው ሴቶች እንኳ መጡ። የከርከሮውን ነገር ከአፌ ሊሰሙ ነው። እኔ ደሞ ተናገሪ ተብዬ ነው? አንደበቴ ተመልሶልኛል። ከርከሮው እንዴት እንደሮጠ፣ ሲንቄዬ እንዴት እንዳበራች፣ እየተነሳሁ እያሳየሁ እነግራቸዋለሁ። "በነቢ፣ ያን ቦታ ድገሚው" ይላሉ። እደግመዋለሁ። ገንፎውም ይደገማል። ሀሮሬሳው ደሞ አልመጣም። ቀጥ ያለ አልተገኘም አሉ፣ ከዚያ ተገኘ፣ ከዚያ ይድረቅ ተባለ።

በመጨረሻ መጣች። አዴ ቅቤ ቀብተው፣ መርቀው፣ በእጄ አስያዙኝ። ሴቶቹ እየዘፈኑ ሄዱ። ደጋኑ ጓዳ በኩል ተጋድሞ ቀርቷል፤ ዶሮዎቼ ይሰፍሩበታል፣ ከባድ ስለሆነ አይነቃነቅባቸውም።

አዲሷን ሲንቄ ራስጌዬ አቁሜ ለእራት የሚሆን ገብስ ልቀዳ ጎተራው ውስጥ ጣሳዬን ሰደድኩ። ጣሳው የጎተራውን ጭቃ ነካ። እጄ የተሳሳተች መሰለኝ። በሌላው ጥግ ሰደድኩ፣ እዚያም ጭቃ። አንገቴን አስገብቼ አየሁ። ለዘር የሚሆን ያህል ጥግ ላይ ተጠራቅማለች፣ ሌላው የለም። ያ ሁሉ ገብስ። እንደዚያ አንገቴን አስገብቼ ደርቄ ቀረሁ።

ጎረቤቴ የተዋሰችውን ድስት ልትመልስ ገብታ ነበር። ምን ነካሽ ብላ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አየች። ድስቱን መሬት አስቀመጠች።

"እቴ፣ ከርከሮው ቢበላው ይሻልሽ ነበር" አለችኝ። "ከርከሮ ቅቤ ጨምሩልኝ አይልም።"